ሦስት ወፍ ከአንድ አፍ

ተረት ላውጋችሁ? «አውጊን» በሉ እንጂ፣ ምነው አፋችሁን ያዛችሁ? ለሐሜት ሲሆን እንደሁ ማንም አይቀድማችሁም። አንቺ፣ እግርሽን ሰብስቢ። አንተም ያን ጥንቅሽ አስቀምጠው፣ ሲንኮሻኮሽ ልቤን ያወልቀዋል። እንግዲህ ስሙኝ። ይህ ተረት አያስቅም። የሚያስቀውን ትናንት ነግሬያችኋለሁ፤ ዛሬ መራራውን ዋጡ።

ድሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ፣ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት አገር ነበረች። በዚያች አገር ደምለው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ደምለው ጿሚ ነበር። እንዴት ያለ ጿሚ መሰላችሁ። ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ሁዳዴን ይጾማል። ፍልሰታን ይጾማል፣ ነቢያትን ይጾማል፣ ሐዋርያትን ይጾማል። ሌላው ሰው የማይጾመውን የጽጌን ጾም እንኳ ይጾማል። ቅዳሴ ሳይወጣ ምራቁን አይውጥም። አገሩም «እንደ ደምለው ያለ ክርስቲያን የት ይገኛል» ይል ነበር።

ሆዱ ይጾማል። አፉ ግን ዓመቱን ሙሉ ፍስክ ነበር።

ውሸታም ነበር እንዳትሉ። ውሸታምማ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሁለቴ ይያዝና ከዚያ ወዲያ የሚሰማው አያገኝም። ደምለው የሚያወራው ያየውን ነው። ግን ያየውን ሁሉ ያወራል። ግማሹን ብቻ አይቶም ያወራል። ሲያወራ አንገቱን ሰበር፣ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ» ይላል። እንዲህ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ይሄድና እሱም ለሌላው «ላንተ ብቻ» ይለዋል።

አባ ገብረ ሕይወት የሚባሉ የንስሐ አባት ነበሩት። ሽማግሌ፣ ትዕግሥተኛ ካህን ናቸው። ሦስት ጊዜ መከሩት።

መጀመሪያ፣ አንዲት ልጅ ልትዳር ሽማግሌ ተልኮ፣ ጠላው ተጠምቆ ሳለ፣ ደምለው «ምንጭ ዳር ከአንድ ጎረምሳ ጋር ስትስቅ አየኋት፣ ላንተ ብቻ ነው» አለ። ጎረምሳው የአጎቷ ልጅ ነበር። ይህን ማን ይጠይቅ፤ ሠርጉ ፈረሰ። አባ ገብረ ሕይወት መቶ ስግደት አዘዙት። እሱ ለመቶው መቶ ሃምሳ ሰገደ። ሰግዶ ሲያበቃም ስንት እንደሰገደ ለአገሩ አወራ።

ሁለተኛ፣ አባ ሰባት ቀን ቃል እንዳይወጣህ አሉት። እውነትም ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ነገር ግን ማኅበር ቤት ተቀምጠው የማኅበሩን እህል የሚጠብቀው ሰው ሲመሰገን፣ ደምለው አፉን በጋቢው ሸፈነና ሳል አለ። ቅንድቡንም ከፍ አደረገ። በዚያች ሳል ምክንያት ሰውየው አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀውን አደራ ተነጠቀ። ደምለው ግን ሲጠየቅ እኔ ምን አልኩ፣ አንድ ቃል ወጣኝ ወይ ብሎ ተከራከረ።

ሦስተኛ፣ አባ ከጸሎት በቀር የሰው ስም እንዳታነሣ ብለው ገዘቱት። እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ከቅዳሴ ሲወጣ ሰዉን ይይዝና ለእገሊት ጸልዩላት፣ ምክንያቱን ግን አትጠይቁኝ ይል ጀመር። አገሩ ምክንያቱን ሲፈልግ ከረመ። የተገኘው ምክንያት ስንት ዓይነት እንደነበር ልንገራችሁ ብል ይመሻል።

ያኔ አባ ገብረ ሕይወት አስቀመጡትና እንዲህ አሉት፦

«ደምለው ልጄ፣ የዶሮ ሥጋ አልበላህም፣ የበሬ ሥጋ አልበላህም፣ የሰው ሥጋ ግን ከጥርስህ አልጠፋም። የማዝልህ ቀኖና አለቀብኝ። ከእንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ለምን። መቼ ዝም እንደምትል፣ መቼ እንደምትናገር እግዚአብሔር ይግለጥልህ።»

ደምለው መስቀል ተሳልሞ ወጣ። ከተባለው ሁሉ የያዘው «ዝም በል» የሚለውን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በጆሮው አልገባም።

አሁን ደግሞ ስለ አትጠገብ ልንገራችሁ። አትጠገብ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወንድ ልጅ ወለደችና ምትኩ አለችው። ልጁን ክርስትና ያነሣው ደምለው ነው። ስለዚህ አትጠገብና ደምለው አበልጅ ናቸው፣ ምትኩም የክርስትና ልጁ ነው። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በሥጋ ያልወለድከውን ልጅ አቅፈህ፣ ታቦቱ ፊት ቆመህ፣ እኔ አለሁለት ማለት ነው። ምትኩ አደገ፣ ጎረመሰ፣ እርፍ ጨበጠ። አትጠገብ ከዚህ ልጅ ሌላ ያላት አንድ ቀይ በሬ ብቻ ነበር። ልጁ በዚያ በሬ ከጎረቤት ጋር እየተቀናጀ ያርስላታል፤ በዚያ ይኖራሉ።

አንድ ሁዳዴ ላይ የጭቃ ሹሙ የቢተው በሬ ከግጦሽ ሳይመለስ ቀረ። የሱም በሬ ቀይ ነበር። ቢተው ጉልበተኛ ነው፣ አገር የሚፈራው ሰው ነው። የኔን በሬ የሰረቀ ካልወጣ ከዚህ አገር ጭስ አይወጣም ብሎ ፎከረ። አውጫጭኝም ተጠራ።

አውጫጭኝን እናንተ አታውቁትም፤ አለማወቃችሁም እሰየው ነው። ነገር ሲጠፋ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ንቅንቅ አይልም። ከብቱ ቢጮህ አይሄድም፣ ልጁ ቢታመም አይሄድም፤ ቤተሰቡ በእሾሁ አጥር ላይ የሚያቀብለውን ቆሎ እየበላ እዚያው ያድራል። ከዛፉ ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ቀርቦ መስቀል መትቶ ይምላል፤ የሚያውቀው ካለ በጆሯቸው ሹክ ይላል። ግን «አየሁ» አይልም። «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹ ማን ምን እንዳለ እስከ መቃብር ላያወጡ ይምላሉ። አንዲት ወፍ ብቻ የተናገረችው ነገር ነፋስ ነው። ሁለት ወፍ ከሆነች ጥርጣሬ ነው። ሦስት ወፍ አንድ ሰው ላይ ካረፈች ግን ያ ሰው አለቀለት።

ጥሩ ሕግ ነበር እኮ። ሦስት ሰው ሳይመካከር በአንድ ሰው ላይ አይዋሽም ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ደምለውን አያውቁትማ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በሬው በጠፋ ማግስት፣ ማለዳ፣ ደምለው መልካው ላይ ምትኩን አይቶት ነበር። ልጁ የእናቱን ቀይ በሬ ጨዋማ ውሃ ሊያጠጣ ወደ ሆራው እየነዳ ነበር። የክርስትና አባቱን ሲያይ ቆመ፣ ጉልበቱን ሳመ። ደምለውም መረቀውና ተለያዩ። በሬው የአትጠገብ በሬ እንደሆነ ደምለው ያውቃል። እንዴት አያውቅም፣ ቀኝ ጆሮው የተቀደደ በሬ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል።

በመጀመሪያው ቀን ደምለው ከማንም ቀድሞ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀረበ። ጾም ላይ ነኝ፣ በሰው ነገር አልገባም አለ። መስቀሉን መትቶም ያየሁት የለም፣ የሰማሁት የለም ብሎ ማለ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አያ ጓንጉል ነበሩ፤ ጽድቁን አድንቀው አሰናበቱት። ደምለው ተመልሶ ተቀመጠ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

በሁለተኛው ቀን ፀሐይ በረታች። የተናገረ የለም፣ የወጣ የለም። ሰዉ ተቀምጦ መሬት ይጭራል። ደምለውን አፉ በላው። አጠገቡ አማቹ ተቀምጧል። አንገቱን ሰበር አደረገና «ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ፤ የሰው ስም ማንሣት አልወድም። በሬው በጠፋ ማግስት ማለዳ ምትኩን ቀይ በሬ ሲነዳ አይቼዋለሁ። ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ» አለው።

ሰማችሁ? ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ አለ። እሱ ራሱ እያወቀ።

ክፉ አስቦ አይደለም። ክፉ ቢያስብስ ለልጁ ይሻለው ነበር፤ ክፉ ሰው ይጠነቀቃል። ደምለው የፈለገው አማቹ ዓይኑን አፍጥጦ «እህ?» እንዲለው ብቻ ነው። አማቹም አፍጥጦ «እህ?» አለው። ደምለው ደስ አለው።

እኩለ ቀን ላይ የማኅበር ጓደኛው አጠገብ ተቀመጠ። ላንተ ብቻ ነው አለው፤ ያንኑ ነገረው። የማኅበር ጓደኛውም አፈጠጠ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ደግሞ ማሳው ከሱ ማሳ የሚዋሰነው ሰውዬ አጠገብ ተቀመጠ። ላንተ ብቻ ነው አለው፤ ያንኑ ነገረው። ከዚያ ጾሙን ፈታ፤ ጥሬ ሽንብራውን በውሃ እየበላ፣ የዛሬውንም ቀን በሰላም አዋልከኝ ብሎ አመሰገነ።

በሦስተኛው ቀን አማቹ ተነሣ። ሚስቱ አራስ ናት፣ ቤቱ ናፍቆታል። ወደ ዛፉ ሄዶ በአያ ጓንጉል ጆሮ ሹክ አለና ተመለሰ። ቀጥሎ የማኅበር ጓደኛው ተነሣ፤ ሄዶ ሹክ አለና ተመለሰ። ቀጥሎ ያ አዋሳኙ ተነሣ፤ እሱም ሄዶ ሹክ አለና ተመለሰ። እያንዳንዱ ይህን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ሦስት ወፍ ምትኩ ላይ አረፈች።

ምትኩን ጠሩት። ልጁ ምንም አልፈራም። በዚያ ማለዳ ቀይ በሬ ነድተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። አዎን፣ የእናቴን በሬ ወደ ሆራ ወስጄዋለሁ አለ። ማን አየህ ሲሉት ፊቱ ፈካ።

«የክርስትና አባቴ አይቶኛል» አለ። «በሬያችንን ያውቀዋል። እሱን ጠይቁት።»

ደምለው ተጠራ። አገሩ ሁሉ ያያል። ልጁ ፈገግ ብሎ ያየዋል። አማቹ፣ የማኅበር ጓደኛውና አዋሳኙም ያዩታል። ደምለው ያኔ ሁሉ ነገር ገባው። አየሁት ካለ፣ ከትናንት ወዲያ ያየሁት የለም ብሎ ለምን ማለ? መስቀል መትቶ የማለው መሐላ ሊፈርስ ነው። ያ ሁሉ ጾም፣ ያ ሁሉ ስም፣ «እንደ ደምለው ያለ ክርስቲያን» የተባለው ሁሉ ገደል ሊገባ ነው። ደግሞ ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያይተው ወፎቹ ከየት እንደተነሡ ሊያውቁ ነው።

የሚበቃው አንድ ቃል ነበር። «አየሁት፤ የእናቱ በሬ ነው።» ይኸው ነው። ይህን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? እስኪ በሉት። አያችሁ፣ ትንፋሻችሁ እንኳ አላለቀም።

ደምለው መሬት መሬቱን አየና «እኔ ምያለሁ። ያየሁት ነገር የለም» አለ።

ልጁ «አባቴ» አለው።

«ዝም አይነቅዝም» እያላችሁ ስትተርቱ እሰማለሁ። ማን አላችሁ? ይነቅዛል። ዕድሜውን ሙሉ በማያገባው ሲለፈልፍ ኖሮ፣ በሚያገባው ቀን አፉን የዘጋ ሰው ዝምታው ነቅዞ ይሸታል። አፍን መግዛት መዝጋት ብቻ አይደለም፤ በሩን የሚከፍቱበትንም ቀን ማወቅ ነው። ሦስቱ ሰዎችም ዝም አሉ። ምስኪን፣ ለክርስትና ልጁ ሳስቶ ነው የሚክደው አሉ በሆዳቸው። የነገረው ለእኔ ብቻ ነው ብለው ምስጢሩን ጠበቁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጢር ጠበቁ፣ ምስጢሩም ልጅ ገደለ።

ተፈረደ። ምትኩ አርባ ጅራፍ ተገረፈ። የእናቱ ቀይ በሬ በጠፋው ፋንታ ለቢተው ተሰጠ። ልጁም ከፋሲካ በፊት አገሩን ለቅቆ እንዲወጣ ተባለ። አትጠገብ ከእሾሁ አጥር ውጪ ቆማ ጅራፉን ትቆጥር ነበር። ልጇ ወደ ቆላ ሲወርድ እስከ መልካው ሸኘችው። እዚህ ቦታ ላይ ያየኝ የክርስትና አባቴ ብቻ ነበር፣ እዚህ ጋ ነው ጉልበቱን የሳምኩት ብሎ አሳያት። ከዚያ ተሻገረ።

ፋሲካ አለፈ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ማር ቆራጮች ገደል ሲወርዱ የበሬ አጥንት አገኙ። ቀንዱ ላይ የቢተው ጠፍር እንደ ታሰረ ነበር። በሬው ሣር ሲያሳድድ ከአፋፉ ተንሸራቶ ነው የሞተው። የሰረቀው ሰው አልነበረም። ቢተው አፈረ፤ ቀዩን በሬ ነድቶ አትጠገብ ደጅ አስሮት ሄደ። አትጠገብ በሬውን ለጎረቤት አደራ ሰጠችና በትሯን ይዛ ልጇን ልትጠራ ቆላ ወረደች።

ስድስት ቀን ሄደች። በስድስተኛው ቀን የደረሰችበት ሰፈር ሰዎች አዲስ መቃብር አሳዩዋት። ንዳድ ይዞት ነበር አሏት፤ እናቴ እናቴ ይል ነበር፣ ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነው አሏት። ድንጋይ ለቅማ መቃብሩን ከበበችው። ስድስት ቀን ተጉዛ ተመልሳ መጣች።

አገሯ ገብታ አላለቀሰችም። ጥቁር አልለበሰችም። ልጅሽስ ሲሏት ደኅና ነው ትላለች። አንድ ቀን ግን አያ ጓንጉል ዘንድ ሄዳ እነዚያ ሦስት ወፎች እነማን ነበሩ ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው እንባ ቀደማቸው። ምያለሁ፣ ምስጢሩን ባወጣው መሐላው ነፍሴን ያወጣታል አሉ። ግዴለም፣ እኔው እጠይቃቸዋለሁ ብላ ተነሣች።

ጊዜው የሐዋርያት ጾም ነበር። ደምለው ደጁ ላይ ተቀምጦ የጾም መፍቻውን ሰዓት ይጠብቃል። አትጠገብ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፣ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«አበልጄ፣ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ምትኩ በሰኔ ሚካኤል ይመጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው የምንገናኘው። ለነፍስ እንዳትነግር።»

ደምለው እጆቿን ሳመ። ከዚያ አውጫጭኝ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም፤ አሁን ከላዩ ላይ ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። ለማንም ላይነግር እውነት ቆርጦ ነበር፤ ይህን አልነፍገውም። አንድ ቀን ቻለ። ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው ቀን አማቹን አገኘውና ላንተ ብቻ ነው አለው። በማግስቱ የማኅበር ጓደኛውን አገኘውና ላንተ ብቻ ነው አለው። በማግስቱ አዋሳኙን አገኘውና ላንተ ብቻ ነው አለው። ክፉውን ወሬ ያልቻለ አፍ፣ ደጉንም አልቻለው።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ያ ቅጥር እንዲያ ሞልቶ አያውቅም። ሰዉ ልጁን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ነጠላ ያሠራለት አለ። ማር የያዘለት አለ። ቢተው እንኳ አንድ ወይፈን እየነዳ መጥቷል። ታቦቱ ዞሮ ሲገባ ሁሉም ወደ ደጁ ዞረ። ደጁ ላይ አትጠገብ ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተላጭታለች። እልልታው ተቋረጠ።

«ምትኩን ልትቀበሉ መጥታችኋል» አለች። «እኔ ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እስኪ እያንዳንዳችሁ ሂዱና ከነገራችሁ ሰው ኋላ ቁሙ።»

ሰዉ ግራ ገባው። ቀስ እያለ ግን መንቀሳቀስ ጀመረ። ሚስት ከባሏ ኋላ ቆመች። ባል ከጎረቤቱ ኋላ ቆመ። ጎረቤት ከወንድሙ ኋላ ቆመ። ቢተውም ወይፈኑን ይዞ ከአንዱ ኋላ ቆመ። አገሩ በሙሉ ሦስት ረድፍ ሆነ። በአንዱ ረድፍ ራስ ላይ አማቹ፣ በአንዱ ረድፍ ራስ ላይ የማኅበር ጓደኛው፣ በአንዱ ረድፍ ራስ ላይ አዋሳኙ ቆሙ። ሦስቱ ተያዩ። ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው ሄዱና ከደምለው ኋላ ቆሙ።

ደምለው ከፊቱ ማንም የለም። አትጠገብ ብቻ ናት።

አያ ጓንጉል ሦስቱን ሰዎች አዩዋቸው። ሽማግሌው መሐላቸውን አላፈረሱም። ግን ራሳቸውን ይዘው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ለማንም ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

«ልጄ ሞቷል» አለች አትጠገብ። «ቆላ ነው የተቀበረው። ሦስት ወፍ ተናገረች ብላችሁ ነው የገረፋችሁት። ቁጠሯቸው።»

ከዚያ ወደ ደምለው ዞረች። «አበልጄ፣ መልካው ላይ ልጄን አይተኸዋል?»

ደምለው ጋቢውን ከአፉ ላይ አነሣ። «አየሁት። የነዳው ያንቺን በሬ ነበር» አለ።

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ቢተው ሽመሉን አንሥቶ ሊፈነክተው ተንደረደረ፤ አትጠገብ መሐል ገብታ መለሰችው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ፍርድ ፈለጉ። ሰው ለገደለ ፍርድ አለ፣ በሬ ለሰረቀ ፍርድ አለ። «ላንተ ብቻ ነው» ላለ ሰው ግን ሕጉ ውስጥ ፍርድ አልተገኘም። እንኪያስ አንቺ ፍረጅ አሏት።

እሷም ደሙን አልፈልግም አለች። በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል፣ ታቦቱ ሲገባ፣ እዚህ ደጅ ላይ ቆሞ ያን ቃል በአገሩ ፊት ይበልልኝ አለች። አባ ገብረ ሕይወትም ይኸው ነው ቀኖናህ አሉት፤ አንድ ስግደት እንኳ አልጨመሩበትም። አትጠገብም ደምለውን ለመያዝ የዋሸችውን ውሸት ለአባ ተናዘዘች። ሰባት ቀን ጹሚ አሏት፣ ጾመች። ልጇን ግን ያ ሁሉ አልመለሰውም፤ ተረት ስለሆነ ይመለሳል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

ደምለው በየዓመቱ ቆመ። «አየሁት። የነዳው የእናቱን በሬ ነበር» ይላል። አትጠገብ ከፊቱ ትቆማለች፤ ሲጨርስ «ሰማሁ» ትለውና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ዓመት ሰዉ አለቀሰ። በሁለተኛው ዓመት አንገቱን ነቀነቀ። በሦስተኛው ዓመት ሰዉ ስለ ዝናብ እያወራ አለፈ። እሱ ግን ይቆማል፣ ይላል። ከዚህ ቃል በቀር አገሩ ሌላ ቃል አልተቀበለውም፤ ለምስክር አልጠሩትም፣ ለሽምግልና አልጠሩትም። እሱም ወሬ ተወ። ማን ጆሮ ይስጠው?

ብዙ ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ ሰኔ ሚካኤል ደምለው ጎብጦ፣ በምርኩዝ መጥቶ ቆመ። ታቦቱ ገባ። «አየሁት» አለ፤ «የነዳው የእናቱን በሬ ነበር» አለ። ጠበቀ። የሚመልስለት አጣ። አትጠገብ በግንቦት ሞታ ነበር፤ እሱ አልሰማም። ወሬ የሚነግረው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አልሰማሽኝም ይሆናል ብሎ ጮክ አድርጎ ደገመው። ሦስተኛም ደገመው። ቅጥሩ ባዶ ሆነ፣ እሱ «ሰማሁ» የሚለውን ቃል ሲጠብቅ ቀረ።

ተረቴን ሰጠኋችሁ። አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም፤ ዛሬ እንደመረረው ይዋል። አንተ ጥንቅሽህን አንሣ፣ ሂዱ ወደየቤታችሁ። ስትሄዱም ይህችን ያዙልኝ፦ የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፣ የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም።